የአየሩ ንብረት የማን ነው?

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ጥቅምና ጉዳት» የሚባለውን ጨዋታ ያውቀዋል። የአማርኛ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ርዕሱን ይጽፋል፤ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። «ከእሳትና ከውሃ የትኛው ይጠቅማል?» «ከብዕርና ከጎራዴ ማን ይበልጣል?» ተከራካሪው ይነሣል፤ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ «የተከበራችሁ ዳኞች፣ የተከበራችሁ ተማሪዎች» ብሎ ይጀምራል። አንዱ የእሳትን ውለታ ሲደረድር፣ ሌላው ጉሮሮው እስኪደርቅ ስለ ውሃ ይሟገታል። በመጨረሻ መምህሩ «ሁለቱም ያስፈልጋሉ» ብሎ ያስታርቃል፤ ደወል ይደወላል። መቼስ ብዙዎቻችን ሰው ፊት ቆሞ መናገርን የተማርነው በዚህ ጨዋታ ነውና ውለታውን አልክድም። ነገር ግን አንድ ልማድ ትቶብናል። ዓለምን እንደ ደብተር ገጽ መሐሉን አስምሮ፣ በግራ ጥቅም፣ በቀኝ ጉዳት እያሉ መመዝገብ።

ይኸው ጨዋታ አሁን ትልቅ ርዕስ አግኝቷል። «የአየር ንብረት ለውጥ ለአንድ አገር ያለው ጥቅምና ጉዳት» ይባላል። ነገሩ በተማሪ ድርሰት ውስጥ ብቻ ቢቀር ዝም ባልኩ ነበር። አምስት ጥቅም፣ አምስት ጉዳት፣ አንድ መደምደሚያ፤ ማን ተጎዳ? ግን ጥያቄው ኮትና ከረባት አድርጎ አዳራሽ ገብቷል። እዚያ ሲደርስ ስሙን ይቀይርና «ስጋቶችና መልካም አጋጣሚዎች» ይሆናል። በባሕር ዳር ሆቴሎች፣ ሐይቁን በመስኮት እያዩ፣ ሻይ ዕረፍት እየወጡ ስለዚሁ የሚነጋገሩ ሰዎች አይታጡም። የእኔ ጠብ ከሰዎቹ ጋር አይደለም። ጠቤ ከጥያቄው ጋር ነው። በተለይም «ለአንድ አገር» ከምትለዋ ትንሽ ሐረግ ጋር።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ቃል ሳይነካ አያልፍምና ይታገሡኝ። «የአየር ንብረት» ስንል «ንብረት» ከግእዙ «ነበረ» የወጣ ነው፤ መቀመጥ፣ መኖር፣ የአኗኗር ሁኔታ ማለት ነው። ቃሉን ያቆሙት ሰዎች «የአየሩ አኗኗር» ለማለት ፈልገው ነውና ያምራል። የዛሬ ጆሮ ግን «ንብረት» ሲባል የሚሰማው ቤት፣ መሬት፣ መኪና ነው፤ ባለቤት ያለው፣ የሚሸጥ፣ የሚወረስ ነገር። እኔ ይህን መደበላለቅ እወደዋለሁ። ምክንያቱም አዋቂዎቹ የማይጠይቁትን ጥያቄ ቃሉ ራሱ ይጠይቃል፤ የማን ንብረት? አባቶቻችን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው አገሩን ሲከፋፍሉ እያንዳንዱ ስም ውስጥ ሰውም እህልም አስቀምጠዋል። ደጋ ሲባል ገብሱና ካባው ይታያል፤ ቆላ ሲባል ማሽላውና ወባው። «የአየር ንብረት ለውጥ» ውስጥ ግን ማንም አይታይም። ለዚህም ነው ማንም ሳይጠየቅበት ሁሉም የሚናገረው።

«ለውጡ ጥቅም አለው» የሚለው ሐሳብ የትውልድ አገሩ ብርዳማ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በ1896 እ.ኤ.አ. በቁጥር ያሰላው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነበር። ኋላ ለሰፊው ሕዝብ በጻፈው መጽሐፍ ነገሩን እንደ መዓት አላየውም። መጪው ትውልድ፣ በተለይ በቀዝቃዛዎቹ አገሮች፣ የተሻለ አየርና የተትረፈረፈ ሰብል ያገኛል ብሎ ተስፋ አደረገ። የስዊድንን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምንም ነውር የለበትም። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2003 እ.ኤ.አ.፣ ፕሬዚዳንት ፑቲን ሞስኮ ውስጥ በተደረገ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢጨምርልን ለፀጉር ካፖርት የምናወጣው ገንዘብ ይቀንሳል፣ እህላችንም ይበረክታል ዓይነት ቀልድ ጣል አደረጉ። ቀልዱ ለሩሲያ ያስቃል። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ በባሕር ዳር ዘንባባዎች ሥር ጥላ ፈልጎ ለተቀመጠ ሰው ግን ቀልዱ ሲተረጎም ይሞታል።

«ኧረ እኛም ብርድ አለን» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አለን። ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ርብና ጉማራ የሚነሡት ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው። እዚያ ላይ ውርጭ በአንድ ሌሊት ገብስ ያሳርራል። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ጨምሯል። ሙቀቱ ሲወጣ እህሉም ይከተላል፤ ድሮ ያንን ከፍታ የማይደፍሩት ጤፍና በቆሎ ወደ ላይ ይወጣሉ። ለጉና ገበሬ ይህ ጥቅም ነው፤ በግራ በኩል ይጻፍ። ግን ያ አዲስ የታረሰ ዳገት ትናንት ሣር ከነበረ፣ ሐምሌ ሲመጣ አፈሩ በርብ ተሳፍሮ ፎገራ ይወርዳል፤ ከፎገራ ጣና ይገባል። የጉና ገበሬ ትርፍ ጣና ውስጥ ደለል ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። እንግዲህ ይህን በየትኛው ረድፍ እንጻፈው? «ለአገር» ካልን ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ደለሉ የሚሞላበት ዓሣ አጥማጅና ጤፉን የሚያጭደው ሰው ግን አንድ ሰው አይደሉም።

የ1995 ዓ.ም.ን ነገር ላንሣ፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ የጣና ውሃ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅታ ወረደ። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ግን ጥልቅ አይደለም፤ በጣም የጠለቀው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ዳሩ ደግሞ የእህል ሰፌድ ያህል የተዘረጋ ስለሆነ ውሃው በቁመት ጥቂት ሲጎድል በስፋት ብዙ ይሸሻል። ጀልባዎች ወደቡ ላይ መሬት ነክተው ቀሩ፤ የሐይቁ ትራንስፖርት ለአራት ወር ያህል ተቋረጠ። ደሴት ላይ ያለ ሰው ጀልባ ሲቆም ምን እንደሚቆምበት ማሰብ ነው። ገበያው፣ ወፍጮው፣ ሐኪሙ።

«ድርቅ ነው» ተባለ፤ ድርቅም ነበር። በ1995 ዓ.ም. በአገሪቱ ብዙ ቦታ ዝናብ ጠፍቶ ነበርና ያንን የሚክድ የለም። ነገር ግን ጣና ከድርቅ ሌላ አንድ ነገር ነበረው፤ በር። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ፣ ከባሕር ዳር ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጨራ ጨራ ላይ የተሠራው መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት ተጨመሩለት። ዓላማው ጢስ አባይ ላይ ላሉት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ዓመቱን ሙሉ ውሃ ማቅረብ ነበር። ቀድሞ ሐይቁ የራሱ ብልሃት ነበረው። ውሃው ሲጎድል ወደ አባይ የሚወጣውም እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጣና ራሱን በራሱ ይቆጥባል። በሩ ሲመጣ ያ ቁጠባ ከሐይቁ እጅ ወጥቶ በባለሙያ እጅ ገባ። በ1995 መብራት በፈረቃ ነበር፤ አገሪቱ ኃይል አጥታ ነበር፤ ስለዚህ በሩ ተከፈተ። የሐይቁን የውሃ ሒሳብ በኋላ የሠሩ ተመራማሪዎች ድርቁ ብቻውን ጣናን ወደዚያ ደረጃ አያወርደውም ነበር ይላሉ። በ1977ቱ ክፉ ዘመን እንኳ ሐይቁ ያን ያህል አልወረደም።

እስቲ ይህን በሁለት ረድፍ ለመጻፍ ይሞክሩ። አዲስ አበባ ላይ አንድ አምፖል ሁለት ሰዓት ተጨማሪ በራ፤ ጥቅም። የሐይቁ ዳር ገበሬ ውሃው ሸሽቶ የለቀቀውን ጥቁር አፈር አረሰ፤ ዘራ፤ ጥቅም። ደንገሉ ደረቀ፣ ታጨደ፣ ተቃጠለ፤ ጉዳት። ጫጩት ዓሣ የሚደበቅበት ሸምበቆ መሬት ላይ ቀረ፤ ጉዳት። የደቅ ደሴት ሰው ተቆለፈበት፤ ጉዳት። ከዚያ ውሃው ሲመለስ ገበሬው ያረሰው ማሳ ተመልሶ ሐይቅ ሆነ፤ ደንገሉ ግን አልተመለሰም። ሒሳቡ «ለአገር» ተደምሮ ምናልባት ትርፍ ያሳይ ይሆናል፤ መብራት ውድ ነገር ነውና። ትርፉን ያገኘው ሰው ግን የተጎዳውን ሰው አያውቀውም። ከሁሉም የሚገርመኝ፣ በመሐል ቤት «አየሩ» የሚባል ተከሳሽ ቆሞ በሩን የከፈተው ውሳኔ ሳይጠየቅ ማለፉ ነው። አህያ እንኳ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የማለት መብት ነበራት።

አሁን የጢስ አባይ ማመንጫዎች ወደ ተጠባባቂነት ወርደዋል። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ዋናውን ሥራ ወስዷል። ውሃው ከሐይቁ ምዕራብ በኩል ተነሥቶ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ አልፎ ወደ በለስ ይወርዳል፤ በበለስ በኩል ዞሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ገብቶ ከአባይ ጋር ይገናኛል። ይህን ስጽፍ ግድብ እየወቀስኩ አይደለም። ጢስ አባይን ጭሱ ጠፍቶበት ያየ ሰው ቅር ቢለውም፣ በኩበት ጭስ ዓይኗ የሚለበለብ እናት ያለችበት አገር ኤሌክትሪክ አይናቅም። የምለው ሌላ ነው። የጣና ውሃ ከፍታ ከእንግዲህ የዝናብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በር አለው፤ በሩም ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም የሚይዘው ሰው አለ።

ወደ ፎገራ እንሻገር። «ጥቅም» የሚሉ ሰዎች የሚወዱት ምሳሌ ስለሆነ በቅንነት ላየው እፈልጋለሁ። የፎገራ ሜዳ ድሮ የሚታወቀው በላሙ ነበር፤ ቀንዷ አጭር፣ ወተቷ ብዙ፣ ክረምት ውሃ በተኛበት ሜዳ ላይ እስከ ጉልበቷ ገብታ የምትግጥ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ አይመችም ነበርና ለሣር ተትቶ ኖረ። ከዚያ በደርግ ዘመን፣ ከሰሜን ኮሪያ ሰዎች ጋር፣ ሩዝ መጣ። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ብርድ ስለሚችል ፎገራን ወደዳት። የጎርፍ መሬት የወርቅ መሬት ሆነ። ዛሬ ወረታ ሄዶ የሩዝ መፈልፈያውን ጩኸት የሰማ ሰው፣ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ የተጋገረ ነጭ እንጀራ የበላ ሰው፣ ይህን ለውጥ ሊያጥላላው አይችልም። የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከልም እዚያው ነው። የአገሪቱን ሩዝ በብዛት ከውጭ ለምታስገባ ኢትዮጵያ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ልብ ይበሉ። ይህን ጥቅም ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ አይደለም። ያመጣው ዘር ነው፣ ገበሬ ነው፣ ያንን ጥቁር ጭቃ በእጁ ያረመ ሰው ነው። ጎርፉማ ድሮም ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ያው ድሬዳዋ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው በጎርፍ ባጣችበት ዓመት፣ ፎገራና ሊቦ ከምከም ላይ ርብና ጉማራ ዳራቸውን ጥሰው ሰው ከቤቱ አፈናቀሉ። ያው ውሃ ነው። ልክ ሲሆን ሩዝ ያበቅላል፤ ልኩን ሲያልፍ የሩዙን ባለቤት ዛፍ ላይ ያወጣል። አየሩ በሞቀ ቁጥር ከባድ ዝናብ ይበልጥ እንደሚከብድ ሳይንሱ ይነግረናል፤ በአጠቃላይ በአባይ ተፋሰስ የክረምቱ ዝናብ ይጨምር ወይም ይቀንስ ግን ሞዴሎቹ ገና አልተስማሙም። አንዳንዱ ይህን አለመስማማት ሲሰማ «ታዲያ ሊጠቅመንም ይችላል ማለት ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን ገበሬ የሚበላው አማካይ ዝናብ አይደለም። ሐምሌን ጠብቆ ነሐሴ ላይ የሚያገኘውን ነው። የዘገየ ዝናብና የበዛ ዝናብ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ጥሩ ዓመት ይወጣቸዋል፤ ጎተራው ግን ባዶ ነው።

ላሟስ? እሷ በማንም ረድፍ አልተጻፈችም። ሜዳው ሩዝ ሲሆን ግጦሿ ጠበበ፤ ዝርያዋም እየተመናመነ ነው። ለነገሩ ላም አትከራከርም።

እምቦጭን ሳላነሣ ጣናን ማውራት አይቻልም። ይህ ሐምራዊ አበባ ያለው አረም አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ሲሆን፣ ቆቃና አዋሽ ላይ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ጣና ላይ በይፋ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ በሰሜን በኩል፣ መገጭ ወንዝ በሚገባበት አካባቢ ነው። ከዚያ ደንቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምን፣ ፎገራን እየዳሰሰ ወረደ። በተመቸው ውሃ ላይ በሁለት ሳምንት ራሱን እጥፍ ያደርጋል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ተኝቶ ሊበቅል ይችላል። በ2010 ዓ.ም. ግድም ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣው ሁሉ ሱሪውን ሰብስቦ ገባበት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ወር ዘመቻ ታወጀ። ማሽኖችም መጡ፤ ሥራውን በአብዛኛው የሠራው ግን ውሃ ውስጥ እስከ ደረቱ የቆመ የገበሬ እጅ ነው።

ታዲያ ከየት መጣ ሲባል «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል መልስ ከብዙ አፍ ይሰማል። ሙቀት እምቦጭን ያፋጥነዋል፤ እውነት ነው። ግን ሙቀት ብቻውን አረም አያበላም። የሚያበላው ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ፣ ከዳገት የሚመጣው አፈር ነው። ባሕር ዳር ሆቴል በሆቴል ላይ ስትሠራ ለረጅም ዘመን ማዕከላዊ የፍሳሽ ማጣሪያ አልነበራትም። ሐይቁን በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዘገበው፤ እኛም አጨበጨብን። ምዝገባው ግን ቱቦ አይዘጋም።

ዘጌ አካባቢ በታንኳ እንጨት ሲያመላልሱ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ዳር ላይ አግኝቼ «አባባ፣ ሐይቁን ምን ነካው ይላሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እናንተ የተማራችሁት ‹አየሩ ነው› ትላላችሁ። ቄሱ ደግሞ ‹ኃጢአታችን ነው› ይላሉ። እኔ የማውቀው፣ ድሮ ጎርፉ ደንገሉ ላይ ተጠልሎ ነበር የሚገባው። አሁን ማጥለያ የለውም፤ ከነአተላው ይገባል» አሉኝ።

ስለ ረግረግ ጥቅም ከዚህ አጥሮ የተነገረ አላውቅም። ጠላ የጠመቀ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ደንገል ካነሣን ነገደ ወይጦዎችንም ማንሣት ግድ ነው። ታንኳ የሚሠሩት፣ ሰሌንና ቅርጫት የሚያበጁት፣ ከሐይቁ ዳር ተለይተው የማያውቁት እነሱ ናቸው። ጉማሬ እየበላችሁ ተብለው ለዘመናት የተናቁ፣ መሬት ሲከፋፈል ያልተቆጠሩ፣ ከተማዋ ስትሰፋ ዳር ዳሩን እየተገፉ የኖሩ ሕዝብ። ደንገል ሲጠፋ የጠፋው ለሌላው «ብዝኃ ሕይወት» ነው፤ ለእነሱ የሥራ ዕቃ፣ ጀልባና የገበያ ቀን ነው። «ለአንድ አገር ጥቅምና ጉዳት» ሲባል እነሱ የትኛው አገር ውስጥ እንደሚቆጠሩ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስለ ወባ ባጭሩ። በሞቃት ዓመት ወባ ወደ ደጋ እንደሚወጣ በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። ይህን ማንም አይከራከርም። ግን ጣና ዙሪያ ወባ እንግዳ አይደለችም። ደንቢያ ብዙ ሺህ ሰው ከቀበረ በኋላ ነው ጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው። በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያን ደጋማ አገር የመታው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል ሰው መግደሉ ተገምቷል። ያኔ ማንም «አየሩ» አላለም፤ ሐኪም ለማሠልጠን ተነሡ። በ2024 እ.ኤ.አ. በዐሥር ወር ውስጥ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም በአገሪቱ ሲመዘገብ ሙቀቱ የራሱ ድርሻ ነበረው። ነገር ግን በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት አለ፤ መንገድ ይዘጋል፤ የወባ መድኃኒት የያዘ መኪና ኬላ ላይ ይቆማል። ትንኟን ሙቀት ወደ ላይ አወጣት፤ መድኃኒቱን ታች ያስቀረው ግን ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያው የአየር ንብረት ለውጥ የለም እያልክ ነው?» ሊለኝ ይችላል። በፍጹም። ተቃራኒውን ነው የምለው። ኢትዮጵያ ለዓለም ብክለት የምታዋጣው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ያልበላችውን ዕዳ ነው የምትከፍለው። ያ ቁጣ ትክክል ነው። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ላይ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት መለስ ዜናዊ ነበሩ፤ ሀብታሞቹ አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ለማድረስ ቃል የገቡት እዚያ ነው። ቃሉ የተሞላው ዘግይቶ፣ በ2022 ነው፤ ያውም ብዙው በብድር መልክ። በ2024 ባኩ ላይ ደግሞ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ተባለ። የአየር ንብረት ለውጥ ለአንድ አገር «ጥቅም» አለው ሲባል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ በልብ ውስጥ ያለው ይህ ገንዘብ ነው። አፍ አውጥቶ የሚለው ግን የለም።

ገንዘቡ ይምጣ፤ የእኛ ነው። ነገር ግን ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱን ለይቶ ማቅረብ አለበት። ጎረቤት ያቃጠለብኝን ቤትና እኔ ራሴ ያፈረስኩትን ግድግዳ አንድ ላይ ደምሬ ዳኛ ፊት ብቀርብ፣ የተከሳሹ ጠበቃ ከግድግዳው ይጀምራል። ጣናን ይዘን ብንቀርብም እንደዚያው ነው። ማዳበሪያውን፣ ፍሳሹን፣ በሩን፣ የታጨደውን ደንገል ሁሉ «አየሩ» ብለን ጠቅልለን ከወሰድን፣ እውነተኛው የአየሩ ድርሻም አብሮ ይጣላል። ለዚህ ነው በምክንያትነት ያለ ልክ የሚጠሩት ሰዎች ጉዳዩን የሚረዱት የሚመስላቸው፣ ግን የሚጎዱት።

የልማት ሰነዶቻችንን ቋንቋ ደግሞ ተመልከቱ። «የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም» የሚል ቅጽል ያልተለጠፈበት ነገር ጠፋ። የሚቋቋም ዘር፣ የሚቋቋም መንገድ፣ የሚቋቋም ወረዳ። ትንሽ ቆይቶ የሚቋቋም ዶማ እንጠብቃለን። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ቁጥሩ ዓለምን አስደነቀ። እኔ በግሌ ችግኝ ሲተከል ደስ ይለኛል። ግን የጸደቀውስ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የበዓል አበላሽ ተደርጎ ይታያል። የጉና ዳገት ላይ በ2011 የተተከለው ዛፍ ቆሞ ከሆነ አፈሩን ይዟል፤ ከሌለ አፈሩ ፎገራ ደርሷል። ሄዶ ማየት ይቻላል፤ ተራራው አልሸሸም።

በ2027 እ.ኤ.አ. የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32 የሚሉት፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። አገሩ ያምርበታል፤ እንግዳ እንቀበላለን፤ ከነዳጅ መኪና ማስገባት መከልከላችን እስከ ሕዳሴው ግድብ የምናሳየው አለን። ከጣናም የሚወሰድ ፎቶግራፍ አይጠፋም፤ ታንኳ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ፔሊካን። እኔ ከፎቶግራፉ ይልቅ የምመኘው ቀላል ነገር ነው። የጣና ከፍታ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ በየቀኑ ሲለካ ኖሯል፤ ቁጥሩ አለ። የጨራ ጨራ በር መቼ ስንት እንደተከፈተ፣ ወደ በለስ ስንት ውሃ እንደሄደ የሚመዘግብ ሰውም አለ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን፣ በትልቁ፣ በአማርኛ ተጽፈው ወደቡ ላይ ይሰቀሉ። ከአጠገባቸው የዝናቡም ይጻፍ። ያኔ የደቅ ሰው ጀልባ አጥቶ ሲቆም፣ ምን ያህሉ ከሰማይ፣ ምን ያህሉ ከበሩ እንደሆነ አንብቦ ያውቃል፤ የሚጠይቀውንም ሰው ለይቶ ይጠይቃል።